በቦንጋ የተሰየመው የቀፎ ችሎት

ከቦንጋ በተመለስኩ ማግስት ደብረ ብርሃን ላይ የማስተምራቸው የአሥረኛ ክፍል ልጆች መጀመሪያ የጠየቁኝ “ቲቸር፣ ጠበቆቹ አሸነፉ?” ብለው ነው። ጠበቃ ሩቅ አገር የሚሄደው ለክርክር ብቻ ይመስላቸዋል። እኔም “አዎ፣ አሸንፈናል” አልኳቸውና ወደ ትምህርቱ ገባን። ነገሩ ግን በሁለት ቃል የሚያልቅ አልነበረም። ስለዚህ ለእነሱም፣ ቦንጋን በካርታ ላይ ብቻ ለሚያውቁ ባልደረቦቼም ከመነሻው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አስቀድሜ ማን እንደሄደና ለምን እንደሄደ ላስረዳ። ታላቅ እህቴ ሰብለ አዲስ አበባ ውስጥ ጠበቃ ናት። ፍርድ ቤት በክረምት ለእረፍት ሲዘጋ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ መደበኛ ችሎት የለም። ትምህርት ቤት ደግሞ መስከረም ላይ ይከፈታል። ጠበቆች ሥራ የሚፈቱበትና ተማሪዎች ክፍል የሚገቡበት ጊዜ የሚገናኘው በዚያች አጭር ክፍተት ብቻ ነው። ሰብለና ሁለት የሙያ ባልደረቦቿ ክፍተቷን አያባክኗትም፤ በየዓመቱ ወደ አንድ አካባቢ ሄደው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ ሕግ ሙያ በነጻ ያስተምራሉ። ምኞታቸው ዳኛውም ጠበቃውም ከአንድ ዓይነት ከተማና ከአንድ ዓይነት ቤት ብቻ እንዳይወጣ ነው። ዘንድሮ ተራው የከፋ ዞን ሆነ።

እኔን ያስከተሉኝ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ነው። ጉብኝቱ የሚደመደመው በምስለ ችሎት ነው። ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ምስክር ሆነው እንደ እውነተኛ ፍርድ ቤት የሚከራከሩበት ልምምድ ነው። የክሱን ታሪክና የምስክሯን ቃል እንድጽፍ ሰብለ አዘዘችኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ፣ ቃላቱን አሳምሬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህራችን ክፍሎቼን ለባልደረቦቼ አከፋፍለው ፈቀዱልኝና ሰኞ አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ።

ማክሰኞ፤ እስከ ጅማ

የተጓዝነው በጋሽ ሙሉጌታ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ለብዙ ዓመታት ዳኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጥብቅና ይዘዋል። ሲያሽከረክሩም ዳኛ ናቸው፤ የግራውንም የቀኙንም ወገን ሳይሰሙ አይታጠፉም። ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና ሁሉ ይጮህብናል፤ እሳቸው “ይግባኝ ይበል” ብለው ዝም።

ሦስተኛው ጠበቃ ነጂብ ነው። የጅማ ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ማየት የተሳነው። ከፊት ተቀምጦ የት እንደደረስን የሚነግረን እሱ ነበር። ወደ ግቤ ሸለቆ ስንወርድ “አሁን ሙቀቱ መጣ፤ ጃኬታችሁን አውልቁ” አለ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጃኬት በቀን የሚወለቅበት አገር አልለመድኩም። አላወለቅኩም፤ ግቤን የተሻገርኩት ላቤን እየጠረግኩ ነው።

ወልቂጤ ላይ ምሳ በላን፤ ጅማ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የነጂብ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸውን አቅፈው ሳይጨርሱ እኔን አዩና “ይሄ ደግሞ ምነው እንዲህ ከሳ? ብርድ ነው የሚበላው?” አሉ። እራት ሁለቴ ቀረበልኝ። ሁለተኛውን እምቢ ማለት አልተፈቀደልኝም።

ረቡዕ፤ ቦንጋ

ከጅማ እንደወጣን ዝናብ ጀመረ። በእኛ አገር ዝናብ ከሩቅ ይታያል፤ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ እያየን ልብስ ከገመድ ላይ እናነሳለን። በከፋ ግን ከዛፎቹ መካከል ድንገት ይወጣል። ደኑ እስከ መንገዱ ዳር ድረስ ስለሚመጣ ሰማዩ ጠባብ ነው። “አሁን ይዘንባል” ለማለት አፌን ስከፍት ዘንቦ ያልቃል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጉዳታችን ደረሰ። የችሎቱ ጥቁር ካባዎች በአንድ ሻንጣ ተጭነው መኪናው ጣሪያ ላይ ነበሩ። ሸራውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቦንጋ ገብተን ስናወርደው ሸራው የለም፤ ሻንጣው ሲከፈት ውሃው ከባልዲ እንደሚደፋ ፈሰሰ። ሰብለ አንዱን ካባ አንስታ ጨመቀችው።

“ስንት ጊዜ ነው ቋጠሮውን አየኸው ያልኩህ?” አለች።

“አይቼዋለሁ።”

“አይተኸው ነው ወይስ አስረኸው?”

ጠበቃ እህት ያለው ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል።

ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስለተዘረጋች ከአንድ ጥግ ሆነህ ሌላውን ታያለህ። ቦንጋ ግን ኮረብታ ወጥታ ኮረብታ ትወርዳለች፤ ባጃጆቹ ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጡና ቁልቁለቱን እየዘፈኑ ይወርዳሉ። ያረፍነው እትዬ ወርቅነሽ በሚባሉ ሴት አነስተኛ ማረፊያ ነው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መምጣቴን ሲሰሙ “የአገሬ ሰው!” ብለው አቀፉኝ፤ መንዝን ግን ረግጠውት አያውቁም። ካባዎቹን ሲያዩ ሰብስበው ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥረው አንድ በአንድ ሰቀሏቸው። በማግስቱ ደርቀዋል፤ ነገር ግን ካባው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።

“አይዞሽ ወርቅነሽ” አሉ ጋሽ ሙሉጌታ አንዱን አሽትተው፤ “ቢያንስ ይህን ችሎት ብል አይበላውም።”

የዚያ ምሽት እራታችን ቆጮ በአይብና በጎመን ነበር። ለማያውቁት ላስረዳ፤ ቆጮ ከእንሰት የሚጋገር ወፍራም ቂጣ ነው። እኛ ዘንድ የገብስ ቂጣ በእጅ ሲነካ ይቆረሳል። ቆጮ ግን መሳብ ይፈልጋል። እኔ ልቆርሰው ስታገል እትዬ ወርቅነሽ አዩኝና “ልጄ፣ አትለምነው፤ ጎትተው” አሉኝ። ጎተትኩት፤ ከዚያ በኋላ ሳልጎትተው የዋልኩበት ቀን የለም።

ሐሙስ፤ ዝምታውና ጥያቄው

ርዕሰ መምህሩ አቶ ታምራት በሩ ላይ ተቀበሉን። የአካባቢው ተወላጅ ናቸው። “ፕሮግራሙ በሰዓቱ ይጀመራል፤ ሪፖርትም አለብኝ” እያሉ ወደ አዳራሹ ወሰዱን። አዳራሹ በተማሪዎች ጢም ብሏል። ድምፅ ግን የለም። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ክፍል አይቼ አላውቅም፤ የእኔ ልጆች እኮ መዝገብ ስጠራ እንኳ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። መጀመሪያ ቀናሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ስለ ሕግ ክቡርነት ተናግረው “ጥያቄ ያለው?” ብለው አንድም እጅ ሳይወጣ ሲቀር ግን ቅናቴ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

ያዳነን ነጂብ ነው። ተነሣና ነጭ በትሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

“እኔ ፊታችሁን አላይም” አለ። “ዝም ካላችሁ የላችሁም ማለት ነው። ትቻችሁ ምሳዬን ልበላ እሄዳለሁ።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እጆችም ወጡ። ማየት ሳይችል እንዴት ሕግ እንዳነበበ ጠየቁት። ልጅ ሳለ ከኦሮምኛ በቀር ቋንቋ እንደማያውቅ፣ አማርኛውንም ሕጉንም በጣቱ እንዳነበበ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ከመሐል አንዲት ቀጠን ያለች የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ተነሣች። ስሟ ማርታ ነው። ጋሽ ሙሉጌታን እያየች ጠየቀች፦

“እርስዎ ስትፈርድ ታለቅሳለህ?”

እንደ አማርኛ መምህርነቴ ላብራራው። “እርስዎ” ካልን በኋላ “ሲፈርዱ ያለቅሳሉ?” ነው የሚከተለው። ማርታ ቤቷ የምትናገረው የከፋን ሕዝብ ቋንቋ፣ ካፊኖኖን ነው፤ አማርኛን የያዘችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። በአክብሮት ጀምራ በአንተታ ጨረሰችው። የከተማው ልጆች ሳቁ። ማርታ ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች።

ጋሽ ሙሉጌታ አልሳቁም። “ልጄ፣ በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ ይህን የጠየቀኝ የለም” አሉ። “ችሎት ላይ አላለቅስም። ቤቴ ስገባ ግን አዎ፤ ያለቀስኩባቸው አሉ።” መልሱ ትልቅ ነበር፤ ማርታ ግን ቀና አላለችም።

በእረፍት ሰዓት ሰብለ ፈልጋ አገኘቻት። እኔም አብሬ ነበርኩ። ጉዟችን ሁሉ የተንጠለጠለበትን ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

“ሰኞ ናቹራልና ሶሻል ይለያል” አለች ማርታ። “አባቴ ናቹራል ብሏል፤ ነርስ እንድሆን። እኔ ሕግ ነው የምፈልገው። ሕግ ደግሞ በሶሻል ነው።”

“ለምን ናቹራል አለ?” አለቻት ሰብለ።

“መርፌ መውጋት አማርኛ አይፈልግም ይላል።”

ሰብለ ሳቋን ዋጠችው። ለማርታ ግን ቀልድ አልነበረም። አባቷ ሺሺንዳ ውስጥ ሱቅ እንዳላቸው፣ እሷ ለትምህርት ቦንጋ ዘመድ ቤት እንደምትኖር ነገረችንና “መንገዳችሁ በዚያ ከሆነ ብታናግሩልኝ” አለች።

ከሰዓት በኋላ ለምስለ ችሎቱ ቡድን ስንመርጥ ነጂብ “ያቺ ስለ ልቅሶ የጠየቀችው ልጅ የት ናት? ለተከሳሽ ጠበቃ እሷን እፈልጋለሁ” አለ።

“አማርኛዬ እኮ…” አለች ማርታ።

“አማርኛሽን መቼ ጠየቅኩሽ? ጥያቄሽን ነው የፈለግኩት።”

ዓርብ፤ ሺሺንዳና ዋጫ

ነጂብ ከቦንጋ ቡድን ጋር ለልምምድ ቀረ። ሌሎቻችን በምስለ ችሎቱ ዐቃቤ ሕግ የሚሆኑትን የጎረቤት ከተማ የዋጫ ተማሪዎች ለማዘጋጀት ወጣን። መንገዱ በደንና በሻይ ተክል መካከል ያልፋል። የእኛ አገር አረንጓዴ በክረምት መጥቶ በጥቅምት ነፋስ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ እዚህ ግን ባለቤት ነው።

ሺሺንዳ ላይ የማርታን አባት ጋሽ አዴሎን ከሱቃቸው አገኘናቸው። ማር፣ ቅቤና ቡና የሚነግዱ ረጅም ሰው ናቸው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ለሁላችንም በሳህን ማር ቀርቦልናል። “መጀመሪያ ቅመሱ፤ ክሱ ይደርሳል” አሉ። ሰብለ ነገሩን በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸውም ሰሟትና እንዲህ አሉ፦

“ልጄ፣ እኔ ሕግ አልጠላም። አንድ ጊዜ የድንበር ክርክር ነበረኝ። ቃሌን ልሰጥ ቆምኩ። ዳኛዋን ‘አንተ’ አልኳት፤ ሴት ናት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ‘ይበቃኛል’ ብዬ ተቀመጥኩ። ያልተናገርኩት ግን ገና ብዙ ነበር።”

“አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነበር” አለች ሰብለ።

“እችላለሁ ብዬ ነዋ! ነግጄ የምበላው በአማርኛ አይደለም እንዴ?” እጃቸውን ዘረጉ። “ገበያ ላይ ማንም አይስቅብኝም። ፍርድ ቤት ሌላ ነው። ልጄ ዕድሜዋን ሁሉ እዚያ ትቁም ትሉኛላችሁ?”

ሰብለ የምትመልሰው ጠፍቷት አያውቅም። “ነገ መጥተው ይዩዋት” አለች።

ጋሽ አዴሎ አሰቡ። “መጥቼ አያለሁ። ከተሳቀባት ግን ነገሩ አለቀ፤ ናቹራል ነው።”

“ተስማምተናል” አለች እህቴ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ጋሽ ሙሉጌታ ሞተሩን ሳያስነሱ ዞር ብለው አዩዋት። “ሰብለ፣ ዕቃ የሚያስይዝ አይቻለሁ፤ ቤት የሚያስይዝ አይቻለሁ። ደንበኛውን በሳቅ ያስያዘ ጠበቃ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።”

ዋጫ በቡና የተከበበች ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ትምህርት ቤቱ ስንታጠፍ መኪናችን ጭቃው ውስጥ ሰመጠች። የእኛ አገር ጭቃ ጥቁርና ተለጣፊ ነው፤ የዚህ ቀይና አዳላጭ ነው፤ የትኛው እንደሚብስ ለመወሰን ጊዜ አልነበረም። የገፉልን የነገዎቹ ዐቃቤ ሕጎች ናቸው። ቡድኑን የሚመራው ልጅ አማርኛው እንደ ዜና አንባቢ የጠራ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ “ጋሽ፣ ይህ ውለታ ነገ ፍርዱ ላይ ይታሰብልን?” ብሎ ጠየቀ።

“በጉቦ ሙከራ ልክሰስህ?” አሉት ጋሽ ሙሉጌታ።

ልጁ በልምምዱ ድንቅ ነበር። እንዲህ ያለ ተማሪ ቢኖረኝ የሚያሰኝ ዓይነት። ሲናገር በሰማሁት ቁጥር ለማርታ እሰጋ ነበር።

ቅዳሜ፤ ችሎቱ

የቦንጋው አዳራሽ ከሐሙሱም ይበልጥ ሞላ። የዋጫ ልጆች በአውቶቡስ መጥተዋል፤ ወላጆችም አሉ። ጋሽ አዴሎ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙሉጌታ ጭስ ጭስ የሚል ካባቸውን ለብሰው በሰብሳቢ ዳኝነት ገቡ፤ ሕዝቡ ተነሥቶ ተቀበላቸው።

ክሱን ላስረዳ። በከፋ ደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። አቶ ተሰማ የተባሉ ሽማግሌ የሰው ቀፎ አውርደው ማር ሰርቀዋል ተብለው ተከሰዋል፤ ፈጠራ ነው። አንዲት ምስክር ብቻ አለች። ቃሏን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ይላል፦

“ጎህ ሲቀድ ወደ ደኑ ወረድኩ። አቶ ተሰማን ከዛፉ ሥር ቆመው አየኋቸው። ከኋላቸው ገበያተኞች ሸክማቸውን አሳርፈው ይተነፍሱ ነበር። ቀፎውን አወረዱ፤ ማሩንም ይዘው ሄዱ።”

ገበያተኞቹን የጨመርኳቸው ለውበት ነው። ጎህ፣ ደን፣ ሸክም ያሳረፈ ሰው፤ ሥዕሉ ሞላልኝ ብዬ ነበር። የልምምዱ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ምስክር ከተጻፈላት ቃል ውጭ አንዲት ነገር መጨመር አትችልም።

የዋጫው ዐቃቤ ሕግ ጀመረ። ንግግሩ እንደ ውሃ ወረደ። ምስክሯም ቃሏን አንድ ሳታጎድል ሰጠች። የአዳራሹ ሰው ተሰማ ሌባ መሆናቸውን አምኖ ጨርሷል። “መስቀለኛ ጥያቄ፤ የተከሳሽ ጠበቃ” አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። መስቀለኛ ጥያቄ ማለት ተቃራኒው ወገን ምስክሩን የሚፈትንበት ጥያቄ ነው።

ማርታ ተነሣች። ካባው ሰፍቷት እጅጌውን ጠቅልላዋለች። ምስክሯን አየቻት፤ ምስክሯ ሴት ናት።

“አንተ ቀፎውን…”

ሳቁ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እስከ ኋላ ሄደ። እኔ ዞሬ ጋሽ አዴሎን አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው ባርኔጣቸውን ያያሉ። ሰብለ ክንዴን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ገባብኝ።

“ሥርዓት!” አሉ ጋሽ ሙሉጌታ ጠረጴዛውን መትተው።

ማርታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሁለት እጆቿን አሳርፋ ጠበቀች። ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቀች።

“ይቅርታ። አንቺ” አለች። “አንቺ ‘ቀፎውን አወረዱ’ ብለሻል።”

“አዎ።”

“ስንት ሰው ነው ያወረደው?”

ዐቃቤ ሕጉ ተወርውሮ ተነሣ። “ተቃውሞ አለኝ! ነገሩ ግልጽ ነው። አቶ ተሰማ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለትልቅ ሰው ‘አወረዱ’ ነው የሚባለው።”

“ለብዙ ሰውም ‘አወረዱ’ ነው የሚባለው” አለች ማርታ።

ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። “ተቃውሞው ውድቅ ነው። ምስክር ትመልስ።”

ምስክሯ ወረቀቷን አየች። “አወረዱ… እሳቸው…”

“ወረቀቱ ላይ ‘እሳቸው’ የሚል አለ?”

“የለም።”

“‘አቶ ተሰማ አወረዱ’ ይላል?”

“‘አወረዱ’ ብቻ ነው የሚለው።”

“ከኋላቸው ገበያተኞች ነበሩ። ገበያተኞቹ አወረዱ፣ ማሩንም ይዘው ሄዱ ብል አማርኛው ስህተት ነው?”

ምስክሯ ወደ እኔ ዞረች። አዳራሹም ሁሉ ዞረ። እኔ በየዓመቱ “የአክብሮትና የብዙ ቁጥር ግሥ መልኩ አንድ ነው” እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። የምስክሯን ቃል ስጽፈው ግን በጆሮዬ የሰማሁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ላብ አጠመቀኝ፤ የግቤው ይሻላል።

“ስህተት… አይደለም” አለች ምስክሯ።

“ጨርሻለሁ” ብላ ማርታ ተቀመጠች።

ነጂብ ጉልበቱን ይዞ ይስቃል። “ገበያተኞችህ! ለውበት ያመጣሃቸው ገበያተኞችህ ማሩን ይዘውት ሄዱ!” ይለኛል በሹክሹክታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መግለጽ ይከብዳል። መጀመሪያ ያጨበጨቡት የቦንጋ ልጆች አይደሉም፤ ከፊት ረድፍ የሳቁት የከተማ ልጆችም አይደሉም፤ የዋጫው ዐቃቤ ሕግ ራሱ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ድምፃቸውን አጥርተው ፈረዱ፦ ምስክሯ ማን እንዳወረደ አልተናገረችም፤ ጥርጣሬ ካለ ሰው አይቀጣም፤ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበቱ። አዳራሹ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ።

ስንወጣ ማርታን እንዴት እንዳሰበችው ጠየቅኳት።

“አላሰብኩትም ቲቸር። አማርኛ ስማር ‘አወረዱ’ ለብዙ ነው አሉኝ። ቀጥሎ ደግሞ ለትልቅ ሰውም ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስሰማው ሁልጊዜ በሆዴ ‘ስንት ሰው ነው?’ እላለሁ። እናንተ አትሉም?”

እኛ አንልም። በዚህ ቋንቋ አፍ የፈታን ሰዎች አንጠይቅም፤ ለዚህ ነው ያላየነው። የሰብለ ቡድን ለምን እንዲህ ሩቅ እንደሚጓዝ በደንብ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው።

አባትዬውን ልናገኝ ዞር ስንል ግን ጋሽ አዴሎ የሉም። የሺሺንዳ መኪና ይዘው ሄደዋል፤ ለልጃቸውም አንድ ቃል አልተናገሩም።

እሑድ፤ ዝናብ

ፏፏቴ ልናይ አስበን ነበር፤ ዝናቡ ከለከለን። ደብረ ብርሃን ብሆን በእሑድ ዝናብ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። ቦንጋ ግን ዝናቡ ሞቃት ስለሆነ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። እኛም ተቀመጥን። ማንም ስለ ማርታ አያነሣም፤ ሁላችንም ስለ እሷ እናስባለን። ተስቆባታል፤ ውሉ ደግሞ በሳቅ ነበር። ሰብለ በልጅነቷ እንደምታደርገው ጥፍሯን ትበላለች።

እትዬ ወርቅነሽ የተቀቀለ በቆሎ ይዘው መጡና መሐላችን ተቀመጡ። “ምን ሆናችሁ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት? የተናደደ አባት ዝም ብሎ አይሄድም። እኔን ያሳደገኝ የተናደደ አባት ነው፤ አውቀዋለሁ።”

“ዝም ያለውስ?” አለች ሰብለ።

“ዝም ያለው እያሰበ ነው። ብሉ።”

በላን።

ሰኞ፤ ምድብ የሚለይበት ቀን

ሰኞ የመመለሻችን ቀን ነበር። የመመለሻው መንገድ የመጣንበት ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልጨርሰው፦ እትዬ ወርቅነሽ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡን፤ ሸራውን ያሰሩት ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው ናቸው፤ የነጂብ እናት አሁንም እንደከሳሁ ነገሩኝ፤ ደብረ ብርሃን ስገባ ነፋሱ ጆሮዬን ያዘኝና ቤቴ መድረሴን አወቅኩ። አሁን ወደ ሰኞ ጠዋት ልመለስ።

ልንሰናበት ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሄድ ከአቶ ታምራት ቢሮ በር ላይ የተማሪና የወላጅ ሰልፍ ነበር። አቶ ታምራት ጠረጴዛቸውን ወደ ደጅ አውጥተው እየመዘገቡ ነው፤ “ቀጣይ! ናቹራል? ሶሻል? ቀጣይ!” ይላሉ። ማርታ ከሰልፉ መሐል ብቻዋን ቆማለች። ሰብለን አይታ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ተራዋ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀራት ጋሽ አዴሎ በግቢው በር ገቡ። የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ቀጥ ብለው መጥተው ከልጃቸው አጠገብ ቆሙ።

ሰብለ ወደ እሳቸው ሄደች። “ጋሽ አዴሎ፣ ቃል ቃል ነው። ተስቆባታል፤ አልክድም” አለች።

“ሳቁባት” አሉ ጋሽ አዴሎ። “አይቻለሁ። እኔ ያኔ ተቀመጥኩ። እሷ አልተቀመጠችም።” ከዚያም ጨመሩ፦ “ደግሞ ትናንት ሱቄ የመጣው ሰው ሁሉ ማር አልገዛም። ‘ያቺ ጠበቃ ያንተ ልጅ ናት ወይ?’ ነው ጥያቄው። አይደለችም ልበል?”

“ቀጣይ!” አሉ አቶ ታምራት።

ማርታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች፤ ስሟንና ምድቧን ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። አቶ ታምራት ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ አልሰሙም።

ጋሽ አዴሎ ከኋላዋ ሆነው በአማርኛ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተቆጧት።

“ምን ታንሾካሽኪያለሽ? ጮክ በይ እንጂ! ጠበቃ አይደለሽ?”

“ማርታ አዴሎ!” አለች። “ሶሻል!”

ከሰልፉ ማንም አልሳቀም።